ማሞቂያው የተቃጠለ ኦክስጅን ሴንሰር፦ ከደብረ ብርሃን አንድ የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,300 ሲሲ የቤንዚን ቶዮታ ናት። ባለቤቷ ደብረ ብርሃን የሚኖር መምህር ነው፤ ካንዴላ ከመቀየርና ዘይት ከመጨመር ያለፈ የጥገና ልምድ የለውም። በሥራ ቀን መኪናዋ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ ትመላለሳለች፤ አንዱ ጉዞ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ በጣርማ በር አድርጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ትወርዳለች።

በኅዳር፣ ብርዱ ሲጠና፣ የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ጥሬ ቤንዚን ይሸታል፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ሁለት ሳምንት ያደርስ የነበረው ሙሉ ነዳጅ በዘጠኝ በአሥር ቀን ያልቃል። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ግን መኪናዋ እንደ ድሮዋ ናት፤ ሽታም የለ፣ የነዳጅ ብክነትም የለ። መካኒክ ዘንድ ሲኬድ መጀመሪያ መነገር ያለበት ይህ የመጨረሻው ነገር ነበር፤ የተነገረው ግን ማንም ሳይጠይቅ፣ በመጨረሻ ነው።

ከዚያ በፊት ሁለት ምክር ተሰጥቶ ነበር። አንደኛው ካንዴላ ቀይር ነው፤ ተቀየረ፣ ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛው "ወንድሜ፣ ይሄ የደብረ ብርሃን ከፍታ ነው፣ ልመደው" የሚል ነው። የከፍታው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች 2,800 ሜትር ላይ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ኢንጀክተር ያለው መኪና ግን የሚገባውን አየር ለክቶ ነው ቤንዚን የሚረጨው። ከፍታ ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ ጠዋት ጠዋት ቤንዚን አያሸትተውም። በዚያ ላይ መኪናዋ ደብረ ብርሃን ከገባች አራት ዓመቷ ነው፤ ከፍታው ዘንድሮ አልጨመረም።

ኮዱ

ከመሪው ሥር ባለው የኦቢዲ 2 ሶኬት (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው ጥፋት የሚነበብበት) ላይ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ተሰካ። የወጣው ኮድ ፒ 0135 ነው። ትርጉሙ በባንክ 1 (ባንክ የሲሊንደሮች ረድፍ ነው) ያለው ኦክስጅን ሴንሰር 1 የማሞቂያ መስመሩ ችግር አለበት ማለት ነው። ሴንሰር 1 ከካታሊስቱ፣ ማለትም ጭሱን ከሚያጣራው ዕቃ፣ በፊት ያለው ነው፤ ሴንሰር 2 ከካታሊስቱ በኋላ ያለው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ከመኪናው ሥር ገብቶ በቅርብ ያገኘውን ይፈታና ጤነኛውን ሴንሰር 2 ጥሎ ይመለሳል። ባለ አራት ሲሊንደር የመስመር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ባንክ 1 ብቻ ስላለው በዚህ በኩል ግራ የሚያጋባ የለም።

ኮዱ "ሴንሰሩ ሞቷል" አላለም። ያለው "ወደ ማሞቂያው መሄድ ያለበት ኤሌክትሪክ በልኩ አልሄደም" ነው። ጥፋቱ ከሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ ከፊውዙ፣ ከሶኬቱ፣ አይጥ ከበላው ሽቦ ወይም ከኮምፒውተሩም ሊሆን ይችላል። ኮድ አንብቦ በቀጥታ ዕቃ መግዛት ገንዘብ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

ሴንሰሩ ማሞቂያ ለምን እንዳስፈለገው ካልገባን የዚች መኪና ምልክት አይገባንም። ውስጡ ዚርኮኒያ የተባለ ሴራሚክ አለ፤ በአንድ ጎኑ የውጭ አየር፣ በሌላው ጎኑ ጭስ ይነካዋል። በሁለቱ መካከል ባለው የኦክስጅን ልዩነት ልክ ትንሽ ቮልት ያወጣል፦ ድብልቁ ቤንዚን ሲበዛበት ወደ 0.9፣ አየር ሲበዛበት ወደ 0.1። ኮምፒውተሩ 0.45ን እንደ ወሰን ይዞ ከዚያ በላይ ሲያይ ቤንዚን ይቀንሳል፣ በታች ሲያይ ይጨምራል። ነገር ግን ሴራሚኩ ከ300 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ምንም አይናገርም። እስኪናገር ድረስ ኮምፒውተሩ በዓይነ ስውር ሒሳብ ይሠራል፤ ቀዝቃዛ ሞተር እንዳይጠፋበትም ቤንዚኑን አብዝቶ ይሰጣል። ማሞቂያው ደህና ከሆነ ይህ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ማሞቂያው ከተቃጠለ ሴንሰሩ የሚሞቀው በጭሱ ብቻ ነው። ውጭው ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋበት የደብረ ብርሃን ጠዋት፣ 4 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለሚቆም መኪና፣ ይህ ማለት ጉዞው ሊያልቅ ሲል ነው ሴንሰሩ አፉን የሚፈታው። በረጅሙ የሸዋ ሮቢት መንገድ ግን ጭሱ ራሱ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ችግሩ ይጠፋል። ምልክቱና ኮዱ አንድ ነገር ተናገሩ ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት የተደረጉ ሦስት ፍተሻዎች

ሁሉም የተሠሩት በአንድ ቴስተርና በአንድ አምፖል ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዟል።

መጀመሪያ የሴንሰሩ ሶኬት ተነቀለ። በሴንሰሩ በኩል አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው የማሞቂያው ናቸው። በዴንሶ ሴንሰር ላይ እነዚህ ሁለት ጥቁሮች ናቸው፣ ሰማያዊው ሲግናል፣ ነጩ የሲግናሉ መሬት (ኔጌቲቭ)። በቦሽ ላይ ደግሞ ሁለቱ ነጮች ማሞቂያ፣ ጥቁሩ ሲግናል፣ ግራጫው መሬት ነው። ይህን አምታቶ በጥቁሩ ላይ መለካት የተለመደ ስህተት ነው፤ የአንዱ ጥቁር ማሞቂያ፣ የሌላው ጥቁር ሲግናል ነውና። ቴስተሩ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ላይ ተደርጎ በሁለቱ ጥቁሮች መካከል ሲለካ ምንም አላነበበም፤ መስመሩ ተቋርጧል። በዚህ ዓይነት የቶዮታ ሴንሰር ላይ 20 ዲግሪ አካባቢ የሚጠበቀው ከ11 እስከ 16 ኦም ነው።

ቀጥሎ በመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቮልት ተለካ። አንዱ ቀዳዳ 12.3 ቮልት ሰጠ። ፊውዙና ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ) ደህና ናቸው ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ማሞቂያውን ከመሬት ጋር እያገናኘ የሚያበራው ኮምፒውተሩ ስለሆነ የእሱም በኩል መታየት አለበት። የ5 ዋት የታርጋ መብራት አምፖል በሁለት ቀጭን ሽቦ በማሞቂያው ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ተደረገና ሞተሩ ተነሳ። አምፖሉ በራ። ኮምፒውተሩም ሽቦውም ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ የተቃጠለው ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ብቻ ነው። ከ5 ዋት የበለጠ፣ በተለይ የፊት መብራት አምፖል፣ እዚህ ቦታ ላይ አይሞከርም፤ ብዙ አምፔር ይስብና ኮምፒውተሩን ይጎዳል።

ዕቃው

ሴንሰሩ የተገዛው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሁለት ነገር ሊያሳስት ነበር።

የመጀመሪያው ኦክስጅን ሴንሰርና ኤርፊውል ሴንሰር (የአየርና የቤንዚን ጥምርታ ሴንሰር) መምታታቸው ነው። መልካቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም አራት ሽቦ አላቸው፣ በአንድ ዓይነት ጥርስ ይገባሉ። አሠራራቸው ግን ሌላ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሁሉ ስህተት ይሆናል። በቴስተር መለየት ይቻላል፦ የቶዮታ ኤርፊውል ሴንሰር ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ ከ2 እስከ 3 ኦም አካባቢ ነው፣ የተራው ኦክስጅን ሴንሰር ከ11 በላይ። ስለዚህ የአሮጌው ቁጥር ከአካሉ ላይ ተነብቦ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ተይዞ፣ ቴስተርም ኪስ ውስጥ ሆኖ ነው የተሄደው። አዲሱ ሱቁ ውስጥ ሲለካ 13.2 ኦም አነበበ። ሻጩ ለመለካት ከከለከለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ሁለተኛው ሶኬት የሌለው፣ ሽቦው ተቆርጦ የሚቀጠል ሴንሰር ነው። ርካሽ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ሽቦው በካውያ መበየድ የለበትም፤ ብዙ ሴንሰሮች የውጭውን አየር የሚስቡት በሽቦው ክሮች መካከል ነውና ብየዳው መተንፈሻውን ይዘጋል። ተጨምቆ በሚያዝ ማያያዣ ብቻ ነው የሚቀጠለው፤ ናስትሮ ብቻውን ሙቀቱን አይችልም። ባለቤቱ ሶኬቱ አብሮ ያለውን መረጠ። ሁለተኛ እጅ ሴንሰርም ቀርቦለት ነበር። ሴንሰር በሥራ ብዛት የሚደክም ዕቃ ነው፤ ከሌላ መኪና የተፈታው ስንት ዓመት እንደቀረው ማንም አያውቅም። ወድቆ የነበረ ሴንሰርም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ተሰንጥቆ ውጭው ሳያሳይ ሊቀር ይችላል።

መፍታት

ሥራው የተሠራው በግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ነው። በተዘጋ ቤት ወይም በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሥራት አይቻልም፤ በጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በዚች መኪና ሴንሰሩ ያለው የጭስ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው) ከቱቦው ጋር በጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከል በሚገባ ማሸጊያ፣ ከሚገጥምበት ቦታ ጥቂት ወረድ ብሎ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሙቀት የሚከለክለው ላሜራ በ10 ቁጥር ቁልፍ ተፈትቶ ሲነሳ ከላይ እጅ ይደርሳል፤ ክሪክም አላስፈለገም።

የሴንሰሩ ባለ ስድስት ጎን አንገት 22 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀን ያጠፋው በተከፈተ 22 ቁልፍ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ለመፍታት ሲታገል ነው። ቁልፉ ሁለት ጊዜ አምልጦ ሁለት ጠርዞችን አሟሸሸ፤ ጣቱም ላሜራው ላይ ተላጠ። ስህተቱ ሁለት ነው። የተከፈተ ቁልፍ የሚይዘው ሁለት ጎን ብቻ ስለሆነ ጉልበት ሲበዛበት ይከፈታል። ሁለተኛው፣ ዓመታት እየጋለ እየቀዘቀዘ የኖረ ጥርስ ቀዝቅዞ እያለ በጉልበት ብቻ ከተዞረ ተላልጦ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛው ቀን እንዲህ ተሠራ። ማታውን ጥርሱ ሥር ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተረጭቶ አደረ። ጠዋት ሞተሩ 6 ደቂቃ ያህል ተነስቶ ጠፋ፤ ከዚያ ወፍራም የቆዳ ጓንት ለብሶ ለመንካት እስኪቻል 10 ደቂቃ ተጠበቀ። የተረጨው ዘይት ሲሞቅ ይጨሳል፤ በዚያን ጊዜ ፊት ማስጠጋት አይገባም። ቀጥሎ የአሮጌው ሴንሰር ሽቦ በፒንሳ ተቆረጠ። ይህ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው፦ ሽቦው ከተቆረጠ ስድስቱንም ጎን የሚይዘው ክብ ቁልፍ ወይም ጥልቅ ቡሽ በላዩ ይገባል፣ ልዩ የሴንሰር ቁልፍ መግዛት አያስፈልግም። ነገር ግን የሚቆረጠው የአዲሱ ሶኬት ከመኪናው ሶኬት ጋር ልክ መግባቱ ከተሞከረ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ቆርጦ በኋላ "አይገጥምም" ማለት መኪናን ግቢ ውስጥ ያስቀራል።

በክብ 22 ቁልፍና በግማሽ ሜትር ቱቦ ማራዘሚያ፣ በመምታት ሳይሆን በቀስታ በመጫን፣ ሴንሰሩ በጩኸት ተነቃነቀ። እንደተነቃነቀ ወዲያው መፍታት መቀጠል ፈተና ነው፤ አይደረግም። ሩብ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሩብ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ጥርሱ ግን ሳይበላ ወጣ። ችኮላ ቢኖር ኖሮ ቀጣዩ ጉዞ ቱቦውን አውርዶ ወደ ቶርኖ ቤት ነበር።

የቱቦው ጥርስ ውስጥ የቀረው ካርቦን ካልጸዳ አዲሱ ጠማማ ይገባል። ጥርሱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር። የዚህ ልክ ማጽጃ ባለቤቱ ጋ አልነበረም። የተጠቀመው በአሮጌው ሴንሰር ነው፦ በብረት መጋዝ ጥርሱ ላይ ቁመቱን ተከትሎ ሁለት ቦታ ስንጥቅ ተደረገለት፤ በእጅ እየተዞረ ሲገባና ሲወጣ ቆሻሻው በስንጥቁ ተሰብስቦ ወጣ። ከብረቱ የሚረግፈው ብናኝ ወደ ቱቦው ውስጥ እንዳይቀር በየመሃሉ በጨርቅ ይጠረጋል። ዋጋው ዜሮ፣ ሥራው ግን የተሟላ ነበር።

ጥላሸቱ

ላሜራው ሲነሳ ሌላ ነገር ታየ። ማኒፎልዱ ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ጓርኒሲዮን ዙሪያ፣ ከሴንሰሩ አንድ መዳፍ ከፍ ብሎ፣ እንደ ጅራት የተዘረጋ ጥቁር ጥላሸት አለ። ጭስ እያመለጠ ነው። በብርዱ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ሲነሳ እንፋሎቱ ከዚያ ቦታ በየምቱ ቱፍ ቱፍ ሲል በዓይን ይታያል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዲህ ላለ ፍተሻ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል።

ጭስ ወደ ውጭ የሚያመልጥበት ቀዳዳ፣ በምት መካከል ግፊቱ ሲወርድ፣ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ያ አየር ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል። ሴንሰሩ ኦክስጅን ያያል፤ "ቤንዚን አንሷል" ብሎ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። ሴንሰሩ አልዋሸም፣ ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው አየሩ የገባበት ቦታ ነው። ሴንሰር ብቻ ቀይሮ ብክነቱ ያልቀረለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አላየም። በዚያ ተናዶ ሁለተኛ ሴንሰር የሚገዛም አለ።

መግጠም

የአዲሱ ሴንሰር ጥርስ ከፋብሪካ ግራጫ ቅባት ተቀብቶ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ምንም አልተጨመረም። ባዶ ከሆነ ኒኬል ያለበት፣ ለሴንሰር የተፈቀደ ፀረ መጣበቂያ ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ በስሱ ይቀባል። ተራ ግሪስ ይቃጠላል፣ ሲሊኮን ደግሞ ሴራሚኩን ይመርዘዋል። ጫፉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በእጅም አይነኩም። ሶኬቱ ውስጥም ስፕሬይም ሆነ ግሪስ አይገባም፤ ሴንሰሩ በዚያ በኩል ነው የሚተነፍሰው።

ሽቦው ሶኬቱን ይዞ ስለሆነ ሴንሰሩ ሲዞር አብሮ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ሽቦው ወደ ግራ ስድስት ዙር ተጠመዘዘ፤ ሴንሰሩ ወደ ቀኝ ሲገባ ሽቦው ተፈትቶ ቀጥ አለ። መጀመሪያ በጣት ብቻ፣ ቀለበቱ እስኪቀመጥ ድረስ ነው የሚዞረው። በጣት መግባት ካልቻለ ጠማማ ነው፤ ወጥቶ እንደገና ይሞከራል፣ ቁልፍ አይነካውም።

ማጥበቂያ ልኩ 44 ኒውተን ሜትር ነው። ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ስላልነበረ በገበያ የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን በ30 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ታስሮ ወደ ጎን ተሳበ፤ ሚዛኑ 15 ኪሎ ሲያነብ ቆመ። ይህም 44 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ሽቦው በነበረበት መያዣ ታስሮ ከጭስ ቱቦው ራቀ፤ ሳይታሰር ቀርቶ ቱቦው ላይ የሚቀልጥ ሽቦ አዲሱን ሴንሰር በሳምንት ያበላሸዋል።

ከዚያ በኋላ የተነበበው

ኮዱ ጠፍቶ ሞተሩ ተነሳ። ሴንሰሩ ከደቂቃ በታች ውስጥ መናገር ጀመረ። ሞተሩ ሞቆ በ2,500 ዙር ሲያዝ ሲግናሉ በ0.1 እና በ0.9 መካከል በ10 ሰከንድ ከስምንት ጊዜ በላይ ይመላለሳል፤ ጤነኛ ነው። የነዳጅ ማስተካከያው (ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ቤንዚን ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው) ግን እንደተፈራው ነበር፦ ሚኒሞ ላይ ጭማሪ 17 በመቶ፣ በ2,500 ዙር 5 በመቶ። ሚኒሞ ላይ በዝቶ በዙር የሚቀንስ ጭማሪ በሞተሩ አየር መሳቢያ በኩል ተቀዶ ያልተለካ አየር የሚያስገባ ቱቦ ሲኖርም ይታያል፤ እዚህ ግን ጥላሸቱ ስለተገኘ ፍለጋ አላስፈለገም።

ጓርኒሲዮኑን ባለቤቱ አልነካውም፤ ትክክልም አደረገ። ሁለቱ ብሎኖች በዝገት አልቀዋል፤ በእሳት ሳይሞቁ የሚፈቱ አይደሉም፣ ከተሰበሩ ደግሞ ከሥር ገብቶ መብሳት ነው። ጋራዥ ተወስዶ ቀለበት ጓርኒሲዮኑ፣ ሁለቱ ብሎኖችና ስፕሪንጎቻቸው ተቀየሩ። ሲመለስ የሚኒሞ ጭማሪው ወደ 3 በመቶ ወረደ። የጠዋቱ ቤንዚን ሽታ ጠፋ።

ኮዱ በዚህ መኪና በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካልተደገመ መብራቱን አያበራም፤ ስለዚህ መብራቱ አለመብራቱ ብቻ አልታመነም። በሚቀጥሉት አሥር ቀዝቃዛ ጠዋቶች ማንበቢያው ተሰክቶ በመጠባበቅ ላይ ያሉ፣ ማለትም ተመዝግበው ገና መብራት ያላበሩ፣ ኮዶች ይኖሩ እንደሆነ ታየ፤ ምንም አልነበረም። የጓርኒሲዮኑ ብሎኖች ከሸዋ ሮቢት መልስ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ ተፈትሸው አንደኛው ትንሽ ላልቶ ስለተገኘ ተጠበቀ።